ተድላ ባይሩና የአሥመራው ምክር ቤት

የኤርትራ ፌዴሬሽን ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ጨዋታው ወይ ጃንሆይ ላይ ይወድቃል፣ ወይ በረሃ የወረዱት ታጋዮች ላይ። እኔ ግን ከሁሉም ይልቅ የሚያስገርሙኝ መሃል ላይ ቆመው የነበሩት ሰው ናቸው። ደጃዝማች ተድላ ባይሩ የአንድነት ማኅበሩ ዋና ጸሐፊ ሆነው ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር እንድትቀላቀል ዓመታት ታግለዋል። ቀጥሎ የኤርትራ ምክር ቤት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት፣ ከዚያም የኤርትራ መንግሥት የመጀመሪያው መሪ ሆኑ። ይሁንና ሦስት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላቸው ከወንበሩ ወረዱ፤ ያወረዷቸውም ተገንጣዮቹ አይደሉም። ነገሩ እንዴት እዚያ እንደደረሰ ለማየት ምክር ቤቱ እንዴት ይሠራ እንደነበር ጠጋ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል። ትንሽ ታገሡኝ፣ አሰልቺ አይደለም።

ከፌዴሬሽኑ በፊት እንነሳ። እንግሊዞች ኢጣሊያን አባርረው በ1933 ዓ.ም. አሥመራ ሲገቡ የአገሩ ዕጣ ገና አልተወሰነም ነበር። ያው ዓመት «ማኅበር ፍቅሪ ሃገር» ተመሠረተ፤ በኋላ የአንድነት ፓርቲ የሆነው ይኸው ነው። ተድላ ወንጌላውያን ሚሲዮኖች ዘንድ ተምረው፣ ኢጣሊያ ድረስ ሄደው ትምህርታቸውን የቀጠሉ፣ በመምህርነት የሠሩ ሰው ናቸው። አንደበተ ርቱዕ ናቸው፣ ጣሊያንኛና እንግሊዝኛ ያውቃሉ፣ ጽሕፈት ቤት ማደራጀት ይችላሉ። ፓርቲው ከመኳንንቱና ከካህናቱ ብዙ ደጋፊ ነበረው። ፈረንጅ ፊት ቆሞ የሚከራከርለት ሰው ግን ብዙ አልነበረውም፤ ተድላ ይህን ቦታ ሞሉ።

ኅዳር 1939 ዓ.ም. አሥመራ ዳር ቤተ ጊዮርጊስ ላይ አንድ ስብሰባ ተጠራ። ኤርትራውያን «ዋዕላ ቤት ጊዮርጊስ» ይሉታል። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ አንድነት የሚለውና ነጻነት የሚለው ወገን ተቀምጠው አንድ መሃል ቦታ ይፈልጉ ነው። መሃል ቦታውም ተገኝቶ ነበር፤ «አንድነት በውል» የሚሉት ነው። ከኢትዮጵያ ጋር እንቀላቀላለን፣ ግን የራሳችን አስተዳደር፣ የራሳችን ቋንቋ፣ የራሳችን መብት በጽሑፍ ይረጋገጥ የሚል ነበር። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ገብረመስቀል ወልዱ ራሳቸው በዚህ ይስማሙ ነበር። ቀኑ ሲደርስ ግን የአንድነት ወገን «ውል ብሎ ነገር የለም» ብሎ ስምምነቱን አፈረሰው። ተድላ በዚያ ጉባኤ ተነስተው ከነጻነት ወገን የነበሩትን የአቶ ወልደአብ ወልደማርያምን ትውልድ ከትግራይ ነው ብለው በማንሳት፣ ስለ ኤርትራ የመናገር መብታቸውን ጭምር ጠየቁ። ወልደአብ ደግሞ እንደሳቸው ወንጌላዊ፣ እንደሳቸው የተማሩ ሰው ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ገብረመስቀል ወልዱ ከመሪነቱ ተገለሉ፤ ተድላ ከፍ አሉ።

ይቺን ስብሰባ ያዙልኝ። ተድላ ያን ቀን የጣሉት ውል ከስድስት ዓመት በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ማኅተም ተመልሶ መጥቶ እጃቸው ላይ ይቀመጣል። ያኔ ጠባቂው እሳቸው ናቸው።

ቀጣዮቹ ዓመታት የኮሚሽኖች ዓመታት ናቸው፤ ቶሎ ልለፈው። አራቱ ኃያላን መርማሪ ልከው አልተስማሙም። ነገሩ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ሄደ። በ1942 ዓ.ም. የመጣው ኮሚሽን አምስት አገሮች ነበሩበት፤ ኖርዌይ ሙሉ ውህደት አለች፣ በርማና ደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽን አሉ፣ ጓቲማላና ፓኪስታን ነጻነት አሉ። አምስት ሰው ተልኮ ሦስት መልስ ማለት ነው። በዚህ መሃል አሥመራ ውስጥ ቦምብ ይወረወር፣ ገጠሩን ሽፍታ ያምሰው ነበር፤ የአንድነት ማኅበሩ የወጣቶች ክንፍም እጁ ንጹሕ አልነበረም። በአቶ ወልደአብ ሕይወት ላይ ሰባት ጊዜ የግድያ ሙከራ ተደርጓል።

ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤው ወሰነ። ውሳኔ ቁጥር 390 ነው። ኤርትራ የራሷ ሕግ አውጪ፣ አስፈጻሚና ፍርድ ቤት ኖሯት በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር ፌዴሬሽን ትሆናለች። መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብ፣ የውጭ ንግድና ወደብ የፌዴሬሽኑ መንግሥት ሥልጣን ነው፤ ከዚያ የተረፈው ሁሉ የአሥመራ። ልብ በሉ፣ ይህን የጠየቀ ትልቅ ፓርቲ አልነበረም። አንዱ ሙሉ አንድነት፣ ሌላው ሙሉ ነጻነት ሲል ከርሞ ሁለቱም ያልጠየቁትን ተረከቡ።

አሁን ወደ ምክር ቤቱ እንግባ፤ እኔን የሚያጓጓኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ምርጫው መጋቢት 1944 ዓ.ም. ተካሄደ። ወንበሩ 68 ነው። አሥመራና ምጽዋ ሕዝቡ በቀጥታ መረጠ። በሌላው ቦታ መንደሩና ነገዱ መጀመሪያ ወኪሎቹን ይመርጣል፣ ወኪሎቹ ደግሞ የምክር ቤቱን አባል ይመርጣሉ። ሴቶች አልመረጡም። ውጤቱ እንዲህ ሆነ፤ አንድነት ፓርቲ 32፣ የቀድሞው የነጻነት ጎራ ወራሽ የሆነው ዴሞክራቲክ ግንባር 18፣ የምዕራብ አውራጃ ሙስሊም ሊግ 15፣ የቀሩት ሦስት ወንበሮች ለትንንሾቹ። ከ68ቱ ግማሹ ክርስቲያን፣ ግማሹ ሙስሊም ሆኖ ተገኘ።

32 ብዙ ይመስላል፤ ግን ለአብላጫ 35 ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድነት ፓርቲ አሸነፈ የሚለው አነጋገር ግማሽ እውነት ነው። ሦስት ወንበር ጎድሎታል፤ ተድላም ወዳጅ መፈለግ ነበረባቸው። ያገኙትም ከምዕራቡ ሙስሊም ሊግ ነው። ሚያዝያ 20 ቀን 1944 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ሥራ ሲጀምር ተድላ ፕሬዚዳንት፣ የሊጉ ሰው ሼህ ዓሊ ረዳይ ምክትል ሆነው ተመረጡ። አንድ ክርስቲያን ከደጋ፣ አንድ ሙስሊም ከቆላ። በቤተ ጊዮርጊስ «ውል የለም» ያሉት ሰው በመጀመሪያው የምክር ቤት ወራቸው ውል ተዋዋሉ፤ ወንበር ቆጠራ ሰውን እንዲህ ያስተምራል።

የምክር ቤቱ የመጀመሪያ ሥራ ሕገ መንግሥት ማጽደቅ ነበር። ረቂቁን ያመጡት የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽነር ቦሊቪያዊው ኤድዋርዶ አንዜ ማቲየንሶ ናቸው። ሰውዬው አገሩን ዞረው ሽማግሌውንም ነጋዴውንም አነጋግረው ነበር። አዲስ አበባም የራሷ ፍላጎት ነበራት፤ ንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙት ጠንካራ ገዢ ይኑር፣ አማርኛም የሥራ ቋንቋ ይሁን የሚል። ማቲየንሶ እሺ አላሉም። የራስ አስተዳደር ተብሎ ተወስኖ የአስተዳደሩን ራስ ሌላ ሰው ከሾመው ምኑ የራስ ይሆናል ነው ነገሩ።

ስለዚህ የተድላ ምክር ቤት የሚከራከርባቸው ነገሮች ሲታዩ ትንንሽ የሚመስሉ፣ ሲነኩ ግን የሚያቃጥሉ ሆኑ። ለምሳሌ ሰንደቅ ዓላማ። ለአንድነት ሰው የኢትዮጵያ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ካለ ሌላ ጨርቅ ምን ያደርጋል? ለሌላው ወገን ደግሞ የራሱ ምልክት የሌለው መንግሥት መንግሥት አይደለም። በመጨረሻ ሰማያዊ መደብ ላይ የወይራ ዝንጣፊና የወይራ አክሊል ያለበት ባንዲራ ጸደቀ፤ የተባበሩት መንግሥታትን ቀለም የወሰደ ነው። ቋንቋም እንዲሁ አወዛገበ፤ ትግርኛና ዓረብኛ ይፋዊ ቋንቋ ሆኑ። ሐምሌ 3 ቀን 1944 ዓ.ም. 99 አንቀጽ ያለው ሕገ መንግሥት ጸደቀ፤ ነሐሴ 5 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ተቀበሉት። የእንቁጣጣሽ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1945 ዓ.ም. የፌዴሬሽኑ ሕግ ፀና። በነሐሴው መጨረሻ ደግሞ ምክር ቤቱ ተድላን የኤርትራ መንግሥት ዋና አስፈጻሚ አድርጎ መርጦ ነበር፤ የፕሬዚዳንትነቱን ወንበር ዓሊ ረዳይ ያዙ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሳስበው ሁሌም ይደንቀኛል። በዚያ መስከረም የኢትዮጵያ ሕዝብ የምክር ቤት አባል መርጦ አያውቅም ነበር። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱን የሚያስመርጡት መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ። ሕዝቡ ድምፅ የሰጠው ከ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በኋላ ነው። እናም የዘውዱ ሙሉ ሥልጣን ባልተገደበበት አገር ጥግ ላይ የተመረጠ ምክር ቤት፣ የፖለቲካ ፓርቲ፣ የሠራተኛ ማኅበርና የግል ጋዜጣ ያላት ኤርትራ ተቀጠለች። ከዚህም በላይ ራሱን የቻለ የፌዴራል መንግሥት አልተቋቋመም፤ የአዲስ አበባው መንግሥት ራሱ የፌዴሬሽኑ መንግሥት ሆነ። ከሁለቱም ወገን እኩል ሰው የሚቀመጥበት የፌዴሬሽን ምክር ቤት በወረቀት ላይ ነበር፤ ፍሬ ያለው ሥራ ግን ሳይሠራ ቀረ። ስለዚህ አሥመራ አቤቱታ ሲኖራት አቤት የምትለው ለተከሳሹ ራሱ ነበር።

በዚህ አወቃቀር ውስጥ የተድላን ቦታ እንመልከት። በላያቸው የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ አሉ፤ ቢትወደድ አንዳርጋቸው መሳይ፣ የልዕልት ተናኘወርቅ ባለቤት፣ ማለትም የጃንሆይ አማች። በሕገ መንግሥቱ የእንደራሴው ሥራ በአብዛኛው የክብር ነው። ምክር ቤቱ ሲከፈትና ሲዘጋ የዘውዱን ንግግር ያነባሉ፣ የተመረጠውን ዋና አስፈጻሚ በሥርዓቱ ይሾማሉ፣ ሕግ ያውጃሉ። አንድ ጥርስ ያለው ሥልጣን አላቸው፤ ምክር ቤቱ ያወጣው ሕግ የፌዴሬሽኑን ሥልጣን ይነካል ብለው ካመኑ በ20 ቀን ውስጥ እንደገና እንዲታይ መመለስ ይችላሉ። ያኔ ሕጉ የሚጸናው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ብቻ ነው። በተድላ ሥር ደግሞ 68ቱ አሉ፤ ሥልጣናቸው ከእነዚህ የመጣ ነው። በወረቀቱ ስንሄድ ተድላ ተጠያቂነታቸው ለምክር ቤቱ ነው፤ በእውነቱ ግን ዓይን ሁሉ እንደራሴው ግቢ ላይ ነበር።

አዲስ አበባም አልዘገየችም። መስከረም 20 ቀን 1945 ዓ.ም.፣ ፌዴሬሽኑ ገና አንድ ወር ሳይሞላው፣ አዋጅ ቁጥር 130 ወጥቶ የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን ሥልጣን ወደ ኤርትራ አስገባ። ከዚያ የጉምሩክ ገቢ ክፍፍል መጣ፤ ወደቡ ምጽዋና አሰብ ነው፣ ገንዘቡ ግን ወደ ማዕከሉ ይሄዳል፣ ለአሥመራ የሚመለሰውም ስንት እንደሆነ መከራከሪያ ሆነ። በጀት የሌለው የራስ አስተዳደር ምን እንደሚመስል መንግሥት ቤት የሠራ ሁሉ ይገባዋል።

ተድላን ግን እንደ ጻድቅ አድርጌ ላቅርባቸው አልፈልግም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ትችት የማይወዱ፣ እጃቸው የከበደ መሪ ነበሩ። መንግሥታቸው «የኤርትራ ድምፅ» የተባለውን የተቃዋሚዎች ጋዜጣ ከሰሰ፣ አሳገደም። አቶ ወልደአብ አገር ጥለው ካይሮ የገቡትም በእነዚሁ ዓመታት ነው። ፖሊሱም ሹመቱም በአንድነት ሰዎች እጅ ነበር። የታችኛውን በር ሲዘጉ የላይኛው በር በሌላ ሰው እየተዘጋባቸው መሆኑን ያዩ አይመስለኝም። ነጻ ጋዜጣና የሚናገር ምክር ቤት ቢኖራቸው ኖሮ በእንደራሴው ላይ የሚደገፉበት ግድግዳ ይሆናቸው ነበር፤ በገዛ እጃቸው ናዱት።

ምክር ቤቱ ግን ዝም አላለም። በ1946 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አባላቱ ማዕከላዊው መንግሥት በኤርትራ ጉዳይ ጣልቃ መግባቱን ያቁም የሚል ውሳኔ አሳለፉ። የአንድነት ፓርቲ ሰዎች ሳይቀሩ ማጉረምረም ጀምረው ነበር። አንድነትን መውደድና ወንበርን መልቀቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ የምክር ቤት አባል አሥመራ ውስጥ ደመወዝ፣ ክብርና የሚሰማው ድምፅ አግኝቷል፤ ሙሉ ውህደት ሲመጣ ይህ ሁሉ እንደሚቀር ያውቃል። ተድላም ያው ናቸው። የፌዴሬሽኑ አጥር ከፈረሰ የሚፈርሰው የሳቸው ጽሕፈት ቤት ነው። ዕድሜ ልካቸውን ድንበሩ ይጥፋ ሲሉ ኖረው፣ ሹመቱ ሲሰጣቸው ሹመቱ ራሱ ድንበሩ ሆኖ አገኙት።

መጋቢት 1947 ዓ.ም. መጣ። እንደ ሥርዓቱ እንደራሴው በምክር ቤቱ ፊት ቆመው የዘውዱን ንግግር አነበቡ። እንዲህ ያለ ንግግር በተለመደው አሠራር የምስጋናና የምኞት ቃል ነው፤ አባላቱ ሰምተው አጨብጭበው ይበተናሉ። የዚያን ቀኑ ግን ሌላ ነበር። ቢትወደድ አንዳርጋቸው የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ጽሕፈት ቤት እስከሆነ ድረስ የኤርትራ የውስጥ ጉዳይ፣ የውጭ ጉዳይ የሚባል ልዩነት እንደሌለ፣ ወደፊትም እንደማይኖር ለአባላቱ ተናገሩ። የፌዴሬሽኑ ውሳኔ በሙሉ የቆመው በዚያች ልዩነት ላይ ነው። የውስጡ የአሥመራ፣ የውጭው የአዲስ አበባ። እንደራሴው ይህን የተናገሩት በጓዳ ሹክሹክታ ሳይሆን በክብር መድረክ፣ ምክር ቤቱን በሚከፍተው ንግግር ነው። ተድላ አዳራሹ ውስጥ ምን እንደተሰማቸው መገመቱን ለእናንተ ልተው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ከላይ የእንደራሴው ጽሕፈት ቤት፣ ከታች በጋዜጣና በሹመት ጉዳይ የተቀየሙ የምክር ቤት አባላት፤ ሁለቱ ወገኖች በሌላ በምንም የማይስማሙ ሲሆኑ ተድላ ይሂዱ በሚለው ላይ ተገናኙ። ሐምሌ 1947 ዓ.ም. ተድላ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ዓሊ ረዳይም ከፕሬዚዳንትነቱ ወረዱ። በተድላ ቦታ የመጡት አስፍሓ ወልደሚካኤል ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ የእንደራሴው ምክትል ነበሩ፣ ይህን ሹመታቸውንም አልተዉም። በአንድ ኮት ውስጥ ሁለት ሹመት፤ ፌዴራሉን የሚወክለውና ኤርትራን የሚመራው አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው። ተድላ ቢያንስ ከእንደራሴው ጋር ይጋጩ ነበር። አስፍሓ ከማን ጋር ይጋጩ?

የቀረውን በአጭሩ። በ1949 መጀመሪያ ላይ ሁለተኛው ምክር ቤት ቢመረጥም ፓርቲዎቹ ተዳክመው ስለነበር ምርጫው እንደ መጀመሪያው አልነበረም። ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ራሱ ድምፅ ሰጥቶ ሰማያዊውን ባንዲራ አወረደ። ግንቦት 1952 ዓ.ም. «የኤርትራ መንግሥት» የሚለው ስያሜ ወደ «የኤርትራ አስተዳደር» ዝቅ አለ። ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. አስፍሓ በምክር ቤቱ ፊት መግለጫ አነበቡ፤ ፌዴሬሽኑ ቀረ፣ ምክር ቤቱም አብሮ ቀረ። በዚያን ዕለት በእርግጥ ድምፅ ተሰጥቷል ወይስ አልተሰጠም የሚለው ክርክር እስካሁን አልበረደም።

ተድላስ? ከወንበር የወረደ ትልቅ ሰው በጃንሆይ ዘመን የት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ፤ አምባሳደር ይሆናል። ስዊድን ተላኩ።

በተድላ ዘመን ማግስት የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት የሆኑት ኢድሪስ መሐመድ አደም ናቸው። ብዙ አልቆዩም፤ ካይሮ ገቡ፣ በ1952 ዓ.ም. ከጓደኞቻቸው ጋር የኤርትራ ነጻነት ግንባርን፣ ብዙዎቻችን ጀብሃ የምንለውን፣ መሠረቱ። በ1953 ነሐሴ ላይ ሐሚድ ኢድሪስ ዓዋተ የመጀመሪያዋን ጥይት ተኮሱ። በ1950ዎቹ መገባደጃ ገደማ ደግሞ ደጃዝማች ተድላ ባይሩ፣ የአንድነት ማኅበሩ የቀድሞ ዋና ጸሐፊ፣ ንጉሠ ነገሥቱን ከድተው ለዚያው ግንባር አደሩ። ልጃቸው ኅሩይ ተድላም ከግንባሩ ከፍተኛ መሪዎች አንዱ ሆነ፤ በ1960ዎቹ ምክትል ሊቀመንበር ነበር።